ዝም ያለ ልጅ ፈቅዷል ማለት አይደለም

በአሜሪካ የልጆችን የአንጎል እድገት ከሚከታተሉ የረጅም ጊዜ ጥናቶች ትልቁ፣ ኤቢሲዲ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ዕድሜያቸው 9 እና 10 ዓመት የሆኑ 11,880 ገደማ ልጆችን መዝግቦ በየሁለት ዓመቱ አንጎላቸውን ኤምአርአይ በተባለ የምርመራ መሣሪያ ያነሳል። ወጪውን የሚሸፍነው የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም ነው። ከጥናቱ ማዕከላት መካከል ሎስ አንጀለስ፣ ሚኒያፖሊስና ባልቲሞር የሚገኙበት በመሆኑ፣ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ልጆቻችን ከሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ የተሳትፎ ጥሪ ቤታችን ቢደርስ የሚያስገርም አይሆንም። እኔ ወላጆች ጥሪውን በቅንነት እንዲያዩት እፈልጋለሁ፤ ልጁ ራሱ አፍ አውጥቶ «እሺ» ሳይል ግን ማንም ወደ መሣሪያው ሊያስገባው አይገባም።

ብዙ ወላጆች የሚፈሩት ጨረርን ነው። ኤምአርአይ ግን እንደ ሲቲ ስካን በጨረር ሳይሆን በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ሲሆን፣ በዚህ ጥናት ማደንዘዣም ሆነ በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ አይታዘዝም። ዋናው አደጋ ብረት ነው። የአንገት መስቀልም ሆነ የጆሮ ጉትቻ ይወልቃል፣ በሹሩባ ውስጥ የተሰካ ብረት ያለበት ጌጥ ይፈታል። ልጁ በመጀመሪያ በማስመሰያ መሣሪያ ውስጥ ተኝቶ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ መቆየትን ይለማመዳል፣ ድምፁን ይሰማል። በዋናው ምርመራ ጊዜ ጆሮው ይሸፈናል፣ መውጣት ሲፈልግ የሚጨምቀው መጥሪያም በእጁ ይያዛል። ጠባብና ጩኸት የበዛበት ቦታ ነውና አንዳንዱ ልጅ ይጨንቀዋል፤ ያ ጭንቀት እንደ ቅብጠት ሊቆጠርበት አይገባም።

የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በልጆች ላይ ለሚደረግ ምርምር የወላጅን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን፣ ለመረዳት ዕድሜው የደረሰ ልጅ የራሱን ስምምነት እንዲሰጥ ይጠይቃል። ልጁ ባለመቃወሙ ብቻ እንደተስማማ ሊቆጠር እንደማይችልም በግልጽ ያስቀምጣል። ከዚህ ጥንቃቄ ጀርባ መራራ ታሪክ አለ፤ በኒውዮርክ ዊሎብሩክ በተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ሆን ተብሎ የጉበት ቫይረስ እንዲይዛቸው ተደርጎ ነበር። ወላጆቻቸው ፈርመዋል፤ ነገር ግን ልጃቸውን የሚያስገቡበት ሌላ ቦታ ያልነበራቸው ብዙዎች ነበሩ።

ይህ ደንብ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ዝምታ ወርቅ ነው እየተባለ ያደገ፣ በትልቅ ሰው ፊት «እምቢ» ማለት ነውር መሆኑን የተማረ ልጅ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው «ትስማማለህ?» ብሎ ሲጠይቀው መጀመሪያ የእናቱን ፊት ያያል፣ ከዚያም አንገቱን ደፍቶ ራሱን ይነቀንቃል። ተመራማሪው ያንን እንደ ስምምነት መዝግቦ ያልፋል። በእኔ እምነት ይህ ስምምነት አይደለም፤ ለእናቱ ያለውን አክብሮት መግለጹ ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጅ አስቀድሞ ቤት ውስጥ «እምቢ ብትል አልቀየምህም፣ ከገባህ በኋላም ልውጣ ማለት ትችላለህ» ሊለው ይገባል፤ ተመራማሪውም ወላጅ በሌለበት ደግሞ ሊጠይቀው ይገባል።

በሌላ በኩል ተመራማሪዎችም በወላጅ በኩል ያለውን ግዴታቸውን በሚገባ አልተወጡም። ኤቢሲዲ ልጆችን ሲመዘግብ ወላጅ እንግሊዝኛ ወይም ስፓኒሽ እንዲችል ይጠይቅ ስለነበር፣ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናትና አባት ልጃቸው በእንግሊዝኛ ጎበዝ ቢሆንም ከበሩ ተመልሰዋል ማለት ነው። የአገሪቱን ልጆች ሁሉ ይወክላል የሚባል እውቀት እንዲህ ሲሰበሰብ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ግን በክሊኒክና በትምህርት ቤት እንደለመድነው ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ አይደለም። የራሱን ፈቃድ የሚጠየቅ ልጅ የፈቃዱን ወረቀት ለእናቱ እንዲተረጉም ከተደረገ፣ ያስፈራውን አንቀጽ ዘሎ ሊያልፈው ይችላል፤ እናቱም ምን እንደፈረመች አታውቅም። ሙያ ያለው አስተርጓሚና በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት የጥናቱ በጀት አካል መሆን አለባቸው።

ከመፈረም በፊት አንድ ጥያቄ በተለይ መነሳት ይኖርበታል። የኤቢሲዲን ምስሎች የአንጎል ራዲዮሎጂ ሐኪሞች ያያሉ፤ በመጀመሪያው ዙር ከ5 ልጆች በ1 ላይ ገደማ ያልተጠበቀ ነገር ታይቷል። አብዛኛው ጉዳት የሌለው ነበር፣ ለተጨማሪ ምርመራ ሊላኩ ይገባል የተባሉትም ከ100 ልጆች 4 ገደማ ናቸው። ጥናት ሕክምና ስላልሆነ፣ ወላጅ እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ ማን እንደሚደውልለት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነገረውና ቀጣዩን ምርመራ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይጠይቅ። መልሱ ካልተሰጠው ብዕሩን አያንሳ።