አዮዋ ስትሰርዝ ዝም ላልን

ወገኖቼ፣ ዜግነት ወስዳችሁ በአሜሪካ ድምፅ የምትሰጡ የአገሬ ልጆች፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው፤ ለእኔም ጭምር።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ በአዮዋ ግዛት ዋና ከተማ ዲ ሞይን የተፈጸመውን ይቅር ማለት አቅቶኛል። የአዮዋ የሲቪል መብቶች ሕግ በ1965 ወጣ፤ በ2007 ደግሞ የፆታ ማንነት ተጨመረበት፤ ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ፆታ የተለየ ማንነት ያላቸውን፣ ትራንስጀንደር የሚባሉትን ሰዎች፣ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አከራይ «ትራንስጀንደር ነህ» ብሎ ቤት መከልከል፣ አሠሪ ማባረር፣ ባንክ ብድር መንፈግ፣ ምግብ ቤትም ደንበኛን ከደጅ መመለስ አይችልም ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ የኖረውን ጥበቃ ለመሻር አንድ ሳምንት ያህል በቃ። ሐሙስ ፌብሩዋሪ 27 የ90 ደቂቃ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ተከፈተ። ለመናገር ከተመዘገቡት 167 ሰዎች ጥበቃውን የሚሽረውን ረቂቅ ሕግ ያልተቃወሙት 24 ብቻ ነበሩ። በዚያው ቀን ሴኔቱ 33 ለ15፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 60 ለ36 አጸደቁት። ከዴሞክራቶቹ በኩል በመጨረሻ የተናገሩት ራሳቸው ትራንስጀንደር የሆኑት የተወካዮች ምክር ቤት አባል ኤሚ ዊክተንዳል ነበሩ፤ ስለ ገዛ ሕይወታቸው ተናገሩ። ባልደረቦቻቸው አዳመጡና ድምፃቸውን ሰጡ። በማግስቱ አገረ ገዥዋ ኪም ሬይኖልድስ ፈረሙ፤ ሕጉም ጁላይ 1 ሥራ ላይ ዋለ። በሕግ ጥበቃ ሥር የነበረን ወገን ከዝርዝሩ የፋቀች የመጀመሪያዋ ግዛት አዮዋ ሆነች።

እጅግ ያንገበገበኝ ግን በአዲሱ ሕግ ጽሑፍ ውስጥ የተሰነቀረው አንቀጽ ነው። «እኩል» ማለት «አንድ ዓይነት» ማለት አይደለም ይላል፤ ተለይቶ የተዘጋጀ አገልግሎትም በባሕርዩ እኩልነትን አያጓድልም ይላል። ጥቁሮች ሆነን ይህን ስናነብ እንዴት አልደነገጥንም? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለያይቶ ማስተማር በባሕርዩ እኩልነት የለውም ብሎ የበየነው ይህንኑ አስተሳሰብ ለመሻር ነበር። አዮዋማ ከዚያ 86 ዓመት ቀድማለች። በአዮዋዋ የመስካቲን ከተማ ይኖሩ የነበሩት ጥቁሩ አሌክሳንደር ክላርክ ልጃቸው ሱዛን ነጮች ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ስትከለከል ከስሰው በ1868 አሸነፉ። የዚያች ግዛት ምክር ቤት ነው ዛሬ «መለየት ክፋት የለውም» ብሎ የጻፈው።

«ሃይማኖታችን አይፈቅድም» ትሉኛላችሁ። እምነታችሁን ማንም አልነካም። ነባሩ ሕግ ለእምነት ተቋማት ከሃይማኖታዊ ዓላማቸው ጋር በተያያዘ ጉዳይ ድሮውንም ነፃነት ሰጥቷቸው ነበር። ትራንስጀንደሮች በሴቶች ስፖርት የመወዳደራቸው ጉዳይ በ2022፣ የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤቱም በ2023 ራሱን የቻለ ሕግ ወጥቶለታል። የቀረው የሥራ፣ የቤትና የብድር ነገር ነው፤ የተሰረዘውም እሱ ነው።

«የፌዴራሉ ሕግ አለላቸው» የምትሉም አላችሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰውን ትራንስጀንደር በመሆኑ ማባረር የፆታ አድልዎ ነው ያለበት የ2020ው የቦስቶክ ውሳኔ የሚመለከተው የቅጥርን ጉዳይ ነው፤ ውሳኔው የተረጎመው የፌዴራል የሥራ ሕግ ደግሞ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ብቻ ይይዛል። የአዮዋው ከ4 ሠራተኛ ይጀምር ነበር። ስለዚህ 8 ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት አንዲትን ልጅ በማንነቷ ቢያባርራት የሚደርስላት የግዛትም የፌዴራልም የሥራ ሕግ የለም። ምግብ ቤትና ሆቴልን የሚመለከተው የ1964ቱ የፌዴራል የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ ደግሞ ፆታን ጨርሶ አይጠቅስም፤ ዘርን፣ ቀለምን፣ ሃይማኖትንና ትውልድ አገርን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ትውልድ አገር! በአነጋገር ዘዬያችን ተንቀን ሥራ ስናጣ እኛም የምንሮጠው ሕጉ ወደሚጠብቃቸው ወገኖች ዝርዝር ነው። አዮዋ ውስጥ በ300 ቀን ውስጥ አቤቱታ እናስገባለን፤ ከ60 ቀን በኋላ የመክሰሻ ፈቃድ ደብዳቤ መጠየቅ እንችላለን፤ ደብዳቤው በወጣ በ90 ቀን ፍርድ ቤት እንሄዳለን። ይህን መንገድ እየተጠቀምንበት ለሌላው ሲዘጋ ዝም አልን። የሰው ቤት ሲፈርስ ከአጥር ማዶ ቆመን ያየን እኛ ነን፤ ከባሰም አንዳንዶቻችን አጨብጭበናል። አፍሬያለሁ፤ እናንተም እፈሩ።

ደክሞኛልም። ግን የአዮዋ ምክር ቤት በየዓመቱ ጃንዋሪ በሁለተኛው ሰኞ ይከፈታል፤ በብዙኃን ድምፅ የተፋቀው በብዙኃን ድምፅ ሊመለስ ይችላል። ያን ሐሙስ በተወካዮች ምክር ቤት ከሪፐብሊካኑ 5 ሰዎች ከፓርቲያቸው ተለይተው ተቃውመዋል። አዮዋ ያላችሁ እንደራሴያችሁ ማን እንደሆነ እወቁ፤ ደውሉለት፤ በዚያን ቀን ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠም ጠይቁት። ሌላ ግዛት ያላችሁ ደግሞ ይህ ረቂቅ ወደ እናንተ ሲመጣ ለመናገር ከሚመዘገቡት ውስጥ የአበሻ ስም ይኑርበት።