ማሲንቆ ብቻውን አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ ባሕር ዳር አዝማሪ ቤቶች የጻፍከው ደስ ይላል። ግን «ባለ አንድ ክር መሣሪያ በዓለም ላይ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው፤ ማሲንቆና ክራር የጊታር አባቶች ናቸው» ያልከው መታረም አለበት። አስጎብኚዎችም ለፈረንጅ ይህንኑ ሲሉ ይሰማል።

ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ ክር፣ በደጋን የሚመታ መሣሪያ ሌላም አገር አለ። በሰሃራ በረሃ የሚኖሩት የቱዋሬጎች ኢምዛድ ባለ አንድ ክር ነው። የሚጫወቱት ሴቶች ናቸው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 መዝግቦታል። በባልካን አገሮች ደግሞ ጉስሌ አለ፤ የጀግና ታሪክ በግጥም ይተረክበታል። የበደዊን ዐረቦች ረባብማ አራት ማዕዘን ሆኖ በቆዳ የተለበጠ ነው። ከማሲንቆ ጎን ብታስቀምጠው ዘመዱ ነው ትላለህ።

ክራር ጭራሽ አንገት የለውም። ክሮቹ ከሥር ተነስተው በሁለት ቋሚ እንጨቶች ላይ እስከተጋደመው ቀንበር ይወጠራሉ። በገናም እንደዚያው ነው። ጊታር ግን አንገት አለው፤ ታዲያ ከክራር መጣ እንዴት ይባላል?

ማሲንቆ አንገት አለው፣ እውነት ነው። ግን ጊታር ላይ ጣት ክሩን ከአንገቱ ጋር ያጣብቃል። የማሲንቆ ክር ከአንገቱ ርቆ ነው የሚወጠረው። አዝማሪው ክሩን አየር ላይ እንዳለ በጣቱ ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ያ እየተንሸራተተ የሚያለቅስ ድምፅ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ልዩ ነገር ከፈለግህ አዝማሪውን ጻፍ። ፊትህን አይቶ እዚያው ግጥም ይገጥምልሃል፤ እጅህ ካጠረ ደግሞ ጉድህ ነው።