መፈክሩ ሲታወስ የተረሳው ዓመት

የድሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ወሬ እንሰማለን። አንዱ «ያኔ ተማሪ ያነብ ነበር፣ ለሕዝቡም ይሞት ነበር» ይላል። ሌላው «ትምህርቱን ጥሎ ሰልፍ ሲል አገር አመሰ» ይላል። ሁለቱም ዓይናቸውን የተከሉት ስድስት ኪሎ አስፋልት ላይ ነው። ተማሪው ከስድስት ኪሎ ርቆ የከረመበትን አንድ ዓመት ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ዲግሪ የሚፈልግ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባላል። አብዛኛው ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ አስተማሪ ይሆናል። ፈተና ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል፤ ዕድሜው ከአንተ ብዙም የማያንስ ልጅ እጁን አውጥቶ «ለምን?» ሲልህ ግን ሽምደዳ አያወጣህም። የዚያ ዘመን ሰዎች «ትምህርት የገባኝ ሳስተምር ነው» ሲሉ የማምናቸው ለዚህ ነው።

ነገሩን ማሳመር ግን አልፈልግም። ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣው በየካቲት 1957 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች ገና ከተመደቡበት አልተመለሱም ነበር። ከገበሬ ቤት የመጡ ልጆች እንደነበሩ አይካድም፤ ቢሆንም መፈክሩን የወለደው ያ የአገልግሎት ዓመት ነው ማለት አይቻልም። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ልክ በአሥር ዓመቱ፣ በየካቲት 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። የልጆቹን ድፍረት አደንቃለሁ። እርግጠኝነታቸው ግን ያስፈራኛል። በአብዮቱ ዘመን የተፋለሙት ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓም መኢሶንም፣ ከዚያው የተማሪ እንቅስቃሴ የበቀሉ ናቸው፤ አብረው ያነበቡ ሰዎች ናቸው በኋላ የተጋደሉት። ብዙ ማንበብ ብቻውን መደማመጥን አላስተማራቸውም።

«የዛሬ ተማሪ ለአገሩ ግድ የለውም» የሚሉ መምህራን ያጋጥሙኛል። የት ተልኮ ነው ግድ የሚኖረው? ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና አለበት፤ ሃንድአውት አቅፎ ቢያድር አልፈርድበትም። አንዳንድ የሕግ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ያሠራሉ፤ እዚያ ጉዳይ ይዛ የመጣች እናት ፊት የተቀመጠ ተማሪ የሚያነበው ሕግ ለማን እንደሆነ ያውቃል። ሌላው የትምህርት ክፍል ተማሪውን የሚልከው ለጥቂት ሳምንታት የተግባር ልምምድ ነው፤ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ምን እንዳሠራው ግን የሚጠይቅ የለም። ባለፈው ክረምት ከልምምድ የተመለሰ አንድ የዘመድ ልጅ «ምን ተማርክ?» ብለው ሳቀብኝ። ሁለት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ከርሞ፣ በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተሰጥቶታል። ለክፍሉ ያስፈለገውም ደብዳቤው ብቻ ነበር።