ቤተሰብ የሚባለው እስከ የት ነው?

ቤተሰብ የልጅን ጠባይ እንዴት እንደሚቀርጽ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት፤ የልጅን ጠባይ የሚቀርጹት እናትና አባት ብቻ እንደሆኑ አድርጎ ማቅረቡ ግን አልተዋጠልኝም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላደገ ሰው ይህ ግማሽ ታሪክ ነው። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር፤ ወላጆቼ እስከ ዛሬ ኦሮምኛ አይሰሙም። እኛ ልጆቹ ግን ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም የለቀምነው ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ስንጫወት ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጁዲት ሪች ሃሪስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ባወጣችው ጽሑፍ የተከራከረችውም በዚሁ ነው፦ የስደተኛ ልጅ አነጋገሩ የሚመስለው ወላጆቹን ሳይሆን እኩዮቹን ነው። ወላጅን ግን ከሚገባው በላይ አሳንሳለች ባይ ነኝ።

ቤትም ሳይናገር ያስተምራል፤ ሐረር ጀጎል የገባ ሰው የነባሮቹን ቤቶች መቀመጫ መደብ ልብ ይበል። ከፍታቸው ይለያያል፤ ለአባወራውም ለታናናሾቹም የየራሳቸው ቦታ አለ። ልጁ ማን የት እንደሚቀመጥ በማየት ብቻ ማን እንደሚከበር ያውቃል፤ ተግሣጽ እንኳን አያስፈልገውም። ዛሬ በየክፍላቸው ስልክ ይዘው የሚበሉት ልጆቻችን ይህን ከማን ያያሉ?

ጸሐፊው በሌላ ጊዜ ስለ ታላቅ እህት ቢያነሱልን ደስ ይለኛል። በብዙ ቤት እውነተኛዋ አሳዳጊ እሷ ናት፤ ምስጋናውን የምትወስደው ግን እናት ናት።