ጥሩ የቴክኒክ ጸሐፊ የጥሪ ማዕከል ውስጥ ተቀምጧል

ለቴክኒክ ጸሐፊነት የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ወይ የኮምፒውተር ሳይንስ ወይ የቋንቋና የጋዜጠኝነት ምሩቅ ነው። ሁለቱም ይችሉታል። ለሥራው ከሁሉ በላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ግን ማስታወቂያውን አይቶ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ የሚያልፈው ሰው ነው፦ «ተልኳል ይላል፣ እሱ ጋ ግን አልደረሰም» ለሚል ደንበኛ ሲመልስ የሚውለው የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ፣ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የኬሚስትሪ መምህሩ።

የቴክኒክ ጽሑፍ ሲባል የመተግበሪያ አጠቃቀም መመሪያ፣ የማሽን ጥገና ማኑዋል፣ የላቦራቶሪ ኤስኦፒ (አንድ ሥራ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚሠራ የሚደነግግ ሰነድ)፣ ለፕሮግራመሮች የሚዘጋጅ የኤፒአይ (አንድ ሶፍትዌር ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት መገናኛ) ዶክመንቴሽን፣ ስክሪን ላይ ብቅ የምትለው የስህተት መልእክት ሳትቀር ማለት ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ሰው ከቢሮ ወጥቶ ጉሊት ድረስ ደርሷል። በብዙ ቦታ መመሪያውን የሚጽፈው ግን አሁንም ሶፍትዌሩን የሠራው ፕሮግራመር ነው፤ ያውም ርክክቡ ሊደርስ ሲል፣ በጥድፊያ። የትኛው እርምጃ ሰው እንደሚያደናግር አያውቅም፤ እሱን አደናግሮት አያውቅማ።

ነገሩን በሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ በኦአርኤስ፣ እንየው። መደበኛው ትእዛዝ «አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ» ነው። ትክክል ነው፤ ግን ቤት ውስጥ የሊትር መለኪያ የት አለ? ያለው ብርጭቆ ነው። ሙሉው ከረጢት በአንድ ብርጭቆ ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ ከልክ ያልፋል፤ የልጁን ተቅማጥ ሊያብስ፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ሶዲየም ከፍ አድርጎ ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል። ውሃው ከበዛ ደግሞ የሚፈለገውን ያህል አይጠቅምም። ቤት ለቤት የምትዞር ባለሙያ ይህን ስለምታውቅ «በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለቴ ለክተሽ ጨምሪ፤ 24 ሰዓት ካለፈው የተረፈውን ድፊው» ትላለች። መለኪያውን አንባቢው እጅ ካለ ዕቃ መፈለግ፣ መጠኑን በአኃዝ ማስቀመጥ፣ ጊዜው ሲያልፍ የሚደረገውን መንገር፤ ሙያው ይኸው ነው። እሷ ግን ሲቪዋ ላይ «የጤና ትምህርት መስጠት» ብላ ታልፈዋለች።

የላቦራቶሪ ሰዎችም እንደዚያው ናቸው። አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ አይኤስኦ 15189 ለተባለው የላቦራቶሪ ጥራት መስፈርት እውቅና ሲዘጋጅ ኤስኦፒውን የሚጽፉት በአመዛኙ ቴክኖሎጂስቶቹ ራሳቸው ናቸው። የሰነድ ቁጥር፣ የዕትም ቁጥር፣ የአጽዳቂ ፊርማ፣ የሚቀጥለው ክለሳ ቀን፤ ሌላው በሥልጠና የሚማረውን የሰነድ ዲሲፕሊን እነሱ በየቀኑ ይኖሩበታል።

የአማርኛ መመሪያዎች የጋራ በሽታ ደግሞ «በመግባት፣ በመምረጥ፣ በማስገባት» እያሉ አምስት ድርጊት በአንድ ትንፋሽ ማሰር ነው። ለምሳሌ፦ «ወደ ቅንብሮች በመግባት ደህንነት የሚለውን በመምረጥ አሮጌውን የሚስጥር ቁጥር በማስገባት አዲሱን ሁለት ጊዜ ካስገቡ በኋላ አረጋግጥ የሚለውን ይጫኑ።» አንባቢው አንዴ ስልኩን አንዴ ወረቀቱን ሲያይ የደረሰበት ይጠፋዋል። ሲሰባበር እንዲህ ይሆናል፦

1. ቅንብሮች የሚለውን ይክፈቱ።
2. ደህንነት የሚለውን ይንኩ።
3. አሁን የሚጠቀሙበትን የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ።
4. አዲሱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ያስገቡ።
5. አረጋግጥ የሚለውን ይንኩ። ቁጥሩ መቀየሩን የሚገልጽ መልእክት ይደርስዎታል። ካልደረሰዎት በአሮጌው ቁጥር ለመግባት ይሞክሩ፤ ከገባልዎት አልተቀየረም ማለት ነው።

የአምስተኛዋን እርምጃ ጭራ ፕሮግራመሩ አይጽፋትም። ስልክ የሚያነሳው ሰው ግን ሳይጽፋት አያልፍም፤ ያልተጻፈች እንደሆነ ነገ የሚደወልለት ለእሱ ነው።

በአውሮፕላን ጥገና ማኑዋሎች የሚሠራበት ኤኤስዲ-ኤስቲኢ100 የተባለው የቀላል ቴክኒካዊ እንግሊዝኛ ደንብ የትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል፣ የማብራሪያው ከ25 ቃል እንዳይበልጥ ያዛል። አማርኛ ላይ አንድ ግስ አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን ጠቅልሎ ስለሚይዝ 20 ቃል በጣም ብዙ ነው። በእኔ ግምት ከ12 ቃል ያለፈ ትእዛዝ መሰበር አለበት።

ሰዓትና ቀንም ወጥመድ ናቸው። «አገልግሎቱ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ይቋረጣል» የሚለው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛው ገጽ 6:00 እስከ 9:00 ሆኖ ይወጣል፤ መሆን የነበረበት 00:00 እስከ 03:00 ነው። የትውልድ ቀን የሚጠይቅ ቅጽ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተናገረ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጠርና አካውንቱና ፓስፖርቱ አልገጥም ይላሉ። ይህን የሚያውቀው ቅሬታውን የተቀበለው ሰው ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው በየት በኩል ይግባ? መጀመሪያ ጥያቄ ይሰብስብ። ለሁለት ሳምንት ያህል የሚመጣለትን ጥያቄ በጠያቂው አነጋገር፣ ሳያሳምር ይመዝግብ። የሚደጋገሙት ጥቂቶች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ይበቃል፤ ርዕሱ ሰውየው ሊያደርግ የፈለገው ነገር ይሁን፣ «በስህተት ለሌላ ሰው የላኩትን ገንዘብ ማስመለስ» እንጂ «የግብይት ማስተካከያ ሞጁል» አይደለም። ቀጥሎ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ነገር፣ እርምጃዎቹ፣ መጨረሻ ላይ ምን ሊበላሽ እንደሚችልና ለምን። የደንበኛ ስም፣ ስልክ ቁጥርና የመሥሪያ ቤት የውስጥ ሰነድ ናሙናው ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም፤ ጠንቃቃ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የሚያሰጋ ከሆነ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ በሊብሬኦፊስ ላይ መጻፍ ይሻላል።

ከዚያ ገጹን ነገሩን ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ዝምታው ከባድ ነው፤ በተለይ ለመምህራን። ሰውየው የቆመበት፣ ወደ ላይ የተመለሰበት፣ «ከዚያስ?» ያለበት መስመር ላይ ምልክት ይደረጋል። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። መተግበሪያ ከሆነ በአዲሱ ስልክ ብቻ ሳይሆን ስክሪኑ ባነሰ፣ አንድሮይዱ በቆየ ስልክም መሞከር አለበት፤ አዝራሩ እዚያ ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል።

መሣሪያዎቹ ያን ያህል አያስፈሩም። ማርክዳውን፣ ርዕስና ዝርዝርን በቀላል ምልክቶች የመጻፊያው ስልት፣ በአንድ ከሰዓት ይያዛል። የፋይል ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ትንሽ ያታግላል፤ ለጀማሪ ግን ብራንች (የራስ የሥራ ቅጂ) መክፈት፣ ኮሚት ማድረግ (ለውጡን መመዝገብ)ና ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ይግባልኝ የሚል ጥያቄ) መላክ ይበቃዋል። ጉግል ለራሱ መሐንዲሶች ያዘጋጀውን የቴክኒካል ራይቲንግ ኮርስ ለሁሉም በነጻ ከፍቶታል። ለልምምድ ደግሞ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን በሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ፣ አንድ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት መርጦ፣ የአጫጫን መመሪያውን ምንም ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ከላይ እስከ ታች መከተል ነው። የሚያሰናክል መስመር አይጠፋም። ያንን አስተካክሎ መላክ ከሰርተፊኬት የበለጠ ማስረጃ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ተመዝግቦ ይቀራል።

ወደ ኤፒአይ ዶክመንቴሽን መሻገር ለሚፈልግ ፖስትማን በተባለው የኤፒአይ መሞከሪያ ላይ ጥያቄ እየላኩ ሰርቨሩ የሚመልሰውን የቁጥር ኮድ ማንበብ መልመድ ያስፈልጋል፦ 400 ሲመጣ የተላከው መረጃ ስህተት አለበት፣ 401 ማንነት አልተረጋገጠም፣ 404 የተጠየቀው የለም፣ 500 ችግሩ ሰርቨሩ ጋ ነው። ሄልፕ ዴስክ የሠራ ሰው እዚህ ላይ ይቀናዋል። «401 ነው የሚለኝ» ሲሉት «ያስገባኸው ቁልፍ የሙከራው ነው የዋናው?» ብሎ መመለስ ለምዷል፤ ያችን ጥያቄ ዶክመንቴሽኑ ላይ ማስፈር ብቻ ነው የሚቀረው።

ከየሙያው የሚመጣ አመልም አለ። መምህር ያበዛል፤ አንባቢው ገና ሳይጀምር ሦስት አንቀጽ መግቢያ ያስነብበዋል። የጤና ባለሙያ «ናሙናው ይወሰዳል» ብሎ ማን እንደሚወስደው ሳይናገር ያልፋል። ጋዜጠኛ ቃል መደጋገም ያሳፍረዋል፤ አንዴ «መተግበሪያ»፣ አንዴ «አፕ»፣ አንዴ «ሶፍትዌሩ» ሲል አንባቢው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። ስክሪኑ ላይ «ላክ» ከተባለ መመሪያውም «ላክ» ይላል፣ «አስተላልፍ» አይልም። ስክሪንሾት ማብዛት ደግሞ የሁሉም ጀማሪ ችግር ነው፤ መተግበሪያው በታደሰ ቁጥር ሥዕሉ ሁሉ እንደገና ይነሳል።

ቻትቦት ይህን ሁሉ ይጽፈው የለም ወይ የሚል አይጠፋም። ይጽፋል፤ ያልነበረ አዝራርም እየፈጠረ «ይንኩ» ይላል። ረቂቁ ረክሷል፤ ስልኩን ይዞ እያንዳንዱን እርምጃ የሚያጣራ ሰው ግን አልረከሰም።

ውጭ አገር ላሉት ሌላ በር አለ። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ሰነዶቻቸውን በሌሎች ቋንቋዎች እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚዘጋጅባቸው አንዱ ነው። ሐኪም ቤት ሲያስተረጉም የኖረ ሰው ታካሚው የትኛው መስመር ላይ «እ?» እንደሚል ያውቃል። ከመተርጎም ወደ መጻፍ የሚቀረው መንገድ አጭር ነው።

አገር ቤት ሥራው በስሙ ብዙም አይወጣም። «ዶክመንቴሽን ኦፊሰር»፣ «ቢዝነስ አናሊስት»፣ «የሥልጠና ባለሙያ» የሚሉትን ማስታወቂያዎች ዝርዝራቸው ድረስ ማንበብ ያስፈልጋል። ቀጣሪዎች ደግሞ ዲግሪ ከሚያጣሩ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ፈተና ቢሰጡ ይሻላል፦ አመልካቹ የማያውቀው መተግበሪያ፣ አንድ ሥራ፣ አንድ ገጽ። ገጹን ከእንግዳ መቀበያ ለተጠራ ሠራተኛ ሰጥቶ ሥራው ይፈጸም እንደሆነ ማየት ነው። ፈተናው ከአንድ ሰዓት ካለፈና ጽሑፉ ለድርጅቱ የሚውል ከሆነ ግን ይከፈልበት።