ናሽናልስ አንደኛውን ምርጫ አባከነው?

የዋሽንግተኑ ቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ በጁላይ 2025ቱ ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የመጀመሪያው ምርጫ ደርሶት የ17 ዓመቱን የኦክላሆማ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) ኢላይ ዊሊትስን ወሰደ። የሜጀር ሊጉ የራሱ የደረጃ ዝርዝር ልጁን አምስተኛ ላይ ነበር ያስቀመጠው። ሁለት ደጋፊዎች ስለዚህ ምርጫ ተጻጽፈዋል። አንዱ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የታክሲ ሹፌር ናቸው። ሌላዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገች የሶፍትቦል አሠልጣኝ ናት።

ከአሌክሳንድሪያ

ይህን ቡድን በ2005 ከሞንትሪያል ከመጣ ጀምሮ እከተለዋለሁ። በ2008 እና በ2009 በየዓመቱ ከመቶ በላይ ጨዋታ ስንሸነፍም አልተለየሁትም። ስለዚህ አንደኛ ምርጫ በምን እንደሚገኝ አውቃለሁ። በመከራ ነው የሚገኘው። ለ2025ቱ ድራፍት ደግሞ የምርጫውን ተራ የሚወስነው ዕጣ ሲወጣ ዕድላችን ከመቶ አሥር ገደማ ነበር። እግዜር ሰጠን። እኛ ግን አምስተኛውን ልጅ ወሰድንበት።

ኬድ አንደርሰን እዚያው ነበር። የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤል.ኤስ.ዩ) ግራኝ ፒቸር፣ ኳስ ወርዋሪ፣ ነው። በዚያ ዓመት በኮሌጅ ቤዝቦል እንደሱ ስትራይክአውት ያደረገ፣ መቺውን ኳስ አስቶ ያስወጣ፣ አልነበረም፤ 180 ነው። በኮሌጁ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ኮስታል ካሮላይናን ዘጠኙንም ኢኒንግ (የጨዋታ ክፍል) ብቻውን ወርውሮ 1 ለ 0 አሸነፈ።

ጁን 8፣ 2010 ማታ ስታዲየም ነበርኩ። በ2009 በአንደኛ ምርጫ የወሰድነው ፒቸር፣ የስቲቨን ስትራስበርግ የመጀመሪያ ጨዋታ ነው። ፒትስበርግ ላይ 14 ስትራይክአውት፣ የመጨረሻዎቹን ሰባት ሰዎች በተከታታይ። ከጎኔ የነበረ የማላውቀው ሰውዬ ፋንዲሻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አንድም አልጎረሰም። አንደኛ ምርጫ ማለት ለእኔ ያ ማታ ነው። አንደኛ ምርጫ ካለህ አንደኛውን ትወስዳለህ። ይሄ ክርክር አያስፈልገውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ "አንደኛውን ትወስዳለህ" አሉ። አንደኛው ማን ነው? ዊሊትስን አምስተኛ ያደረገው ያው ዝርዝር አንደኛ ያለው ኢታን ሆሊዴይን ነው። አንደርሰንን አይደለም። ታዲያ እርስዎም አንደኛውን አልወሰዱም። ሆሊዴይን ደግሞ እኛ ብቻ አይደለም ያለፍነው። አራተኛ ሆኖ ነው ኮሎራዶ የገባው።

ገንዘቡንም ይዩት። ለአንደኛው ምርጫ በሊጉ የተመደበው የፊርማ ገንዘብ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ዊሊትስ በ8.2 ሚሊዮን ፈረመ። ቀሪው ታች ላሉት ዙሮች ዋለ። በሦስተኛው ዙር ለተመረጠው ላንደን ሃርመን፣ እሱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፒቸር ነው፣ 2.5 ሚሊዮን የተከፈለው በዚህ ምክንያት ነው። ሂውስተን በ2012 ያደረገው ይሄንኑ ነው። ካርሎስ ኮሬያን ከተመደበው ባነሰ አስፈርሞ በተረፈው ላንስ መከለርስን አመጣ። በ2017 ሁለቱም ዋንጫ አነሱ።

ስለ ፒቸር ክንድ ደግሞ እርስዎ ያነሱት ምሳሌ ይበቃል። ከዚያ ማታ ሦስት ወር ሳይሞላ ስትራስበርግ ፊላደልፊያ ላይ አንድ ኳስ ወርውሮ እጁን አራገፈ፣ ክርኑ ተቀደደ። አንደርሰን ኮሌጅ ሳይገባ ክርኑ በቀዶ ሕክምና ተጠግኗል።

ከአሌክሳንድሪያ

ልጄ፣ ስለ ስትራስበርግ ክንድ ለእኔ አትንገሪኝ። ያ የተቀደደ ክንድ ነው በ2019 ዋንጫ ያመጣልን። የወርልድ ሲሪስ፣ የሊጉ ፍጻሜ፣ ምርጥ ተጫዋች ማን ተባለ? እሱ።

የሂውስተንን 2017 ደግሞ ምሳሌ አታድርጊብኝ። የተቃራኒ ቡድን ምልክት በካሜራ እየሰረቁ፣ በርሜል እየደበደቡ የወሰዱት ዋንጫ ነው።

ገንዘብ ተረፈ ትያለሽ። ድራፍት የአስቤዛ ገበያ ነው እንዴ? ደግሞስ ማን መረጠው? ጄኔራል ማኔጀሩ ማይክ ሪዞ ድራፍቱ ሳምንት ሲቀረው ተባረረ። ጊዜያዊ ኃላፊ ነው አንደኛውን ምርጫ የወሰነው። ቤት የሚሸጥ ሰው ለአደራ ጠባቂ ቁልፉን ሰጥቶ ዋጋ ቁረጥልኝ ይላል?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ለዚህ ቡድን አደራ አይሰጥም። በ2022 ኢላይጃ ግሪንን በአምስተኛ ምርጫ፣ በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰድን። ዛሬ የት ነው? እስቲ እሱን መልሺልኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

አንደኛው ማን እንደሆነ ግን አሁንም አልነገሩኝም።

በ2009 ስትራስበርግን ስንወስድ አሥረኛው ምርጫም የእኛ ነበር። ድሩ ስቶረንን ወሰድንበት። ማይክ ትራውት 25ኛ ሆኖ ወጣ። ሁለት ጊዜ በፊታችን አለፈ! አንደኛውን የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ቢኖር ኖሮ ትራውት እዚያ ድረስ ባልወረደ ነበር። ማይክ ፒያሳ በ1988 የተመረጠው በ62ኛው ዙር ነው፣ ዛሬ የዝና አዳራሽ ውስጥ ነው። ብራየን ቴይለር በ1991 የያንኪስ አንደኛ ምርጫ ነበር፤ ሜጀር ሊግን ሳይረግጥ ቀረ።

እኔ ልጆች አሠለጥናለሁ። የ12 ዓመት ልጅ መሬት ለመሬት የመጣ ኳስ ስትይዝ እጇን አላይም፤ እግሯን ነው የማየው። የመቺው ዱላ ኳሱን ሲመታ እግሯ ቀድሞ ከተነቃነቀ ድምፁን ሰምታለች ማለት ነው። ያንን ዝርዝር አይለካውም። ዊሊትስ የሜጀር ሊግ ተጫዋች ልጅ ነው፣ ሜዳ ላይ ነው ያደገው። ከድራፍቱ በኋላ ፍሬድሪክስበርግ ባለው የማይነር ሊግ (የታችኛው ሊግ) ቡድናችን 15 ጨዋታ ተጫውቶ የመምታት አማካዩ .300፣ ማለትም ከአሥር ሙከራ ሦስቱ፣ ነበር። ጋሼ፣ ከአሌክሳንድሪያ ብዙም አይርቅም። ሄደው ሳያዩት ፈረዱበት።

ከአሌክሳንድሪያ

ሄጄ ሳላይ ነው የምፈርደው? ሃያ ዓመት ቲኬት በላቤ ገዝቻለሁ። ማታ ታክሲ ነድቼ፣ ቀን ስታዲየም ተቀምጬ። ለታላቅ እንዲህ አይባልም።

15 ጨዋታ! ሚያዝያ ላይ 15 ጨዋታ በደንብ መትቶ በሰኔ ወደ ማይነር ሊግ የተመለሰ ስንት አለ። ስለ ግሪን ግን ዝም አልሽ።

እሺ ዝርዝሩንም ተይው። ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ይህ ቡድን ልጅ ማሳደግ ይችላል? በመጀመሪያ ዙር ወስደን እዚሁ ኮከብ ያደረግነው የመጨረሻው ሰው አንቶኒ ሬንዶን ነው። በ2011! ሉካስ ጂዮሊቶን በ2012 ወስደን፣ የኮከቦች ጨዋታ ላይ የደረሰው ቺካጎ ሄዶ ነው። ሁዋን ሶቶ በድራፍት አልመጣም፤ ከዶሚኒካን ያስፈረምነው ነው። ጄምስ ዉድና ሲጄ ኤብራምስ ሶቶን በልዋጭ ሰጥተን ያገኘናቸው ናቸው። እንዲህ ላለ ቡድን የ17 ዓመት ልጅ መስጠት ልጁንም መበደል ነው። ያለቀለት ተጫዋች ውሰዱ ያልኩት ለዚህ ነው። ኮሌጅ የበሰለ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ካስቀየምኩዎት ይቅርታ ጋሼ። ቲኬትዎን አልናቅኩም።

ግን መጀመሪያ የጻፉት ይሄን አልነበረም። "አንደኛውን ትወስዳለህ" ነበር ያሉት። አሁን ጥፋቱ የአሳዳጊው ሆነ። እሱ ላይ አልከራከርዎትም፣ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ማሳደግ ካልቻልን አንደርሰንስ እዚህ መጥቶ ምን ይሆን ነበር? ዲላን ክሩስም ያለቀለት ነው ተብሎ ነበር። በ2023 በሁለተኛ ምርጫ፣ በ9 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያው ከኤል.ኤስ.ዩ ወሰድነው። ዝርዝሮቹም አንደኛ ወይም ሁለተኛ ያሉት ልጅ ነው። በ2025 የመምታት አማካዩ .208 ነው።