ብለህ ጻፍ

ደሴ ቁጭ ብዬ ሐይቅ ከተማ ላለችው እናቴ ደብዳቤ እጽፋለሁ። በእጄ፣ በእስክሪብቶ፣ ባለመስመር ወረቀት ላይ። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ያዝንልኛል። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ከጎንህ ከተቀመጠው ሰው ጋር በየት በኩል እንደምትዛመዱ አጣርታችሁ ሳትጨርሱ ትደርሳላችሁ። «ሄደህ አትነግራትም?» ይሉኛል። እሄዳለሁ እኮ! ግን ሄጄ የማወራትና ጽፌ የምልክላት ለየቅል ነው።

ስሄድ እማዬ አታዳምጠኝም። «ከሳህ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ምግብ ነው። ስልክም አላዋጣንም። «ሄሎ! ይሰማል?» ብላ ትጮኻለች፤ ስልኩን የማታምነው ይመስል ድምጿን ራሷ ደሴ ልታደርሰው ነው። ደህና መሆኔን ደጋግማ ትጠይቅና መልሱን ሳልጨርስ «በል ካርድህ እንዳያልቅ» ብላ ትዘጋዋለች። የኢሞውንማ ባናነሳው ይሻላል። ስልኩን እንዴት እንደምትይዘው እንጃ፤ እኔ የሚታየኝ ግንባሯና የጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቤታችን የት የት እንደሚያፈስ ከእሷ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ደብዳቤ ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም።

ደግሞ ወረቀት ላይ ጨዋ ነኝ። በአፌ «አንቺ» የምላት እናቴን እስክሪብቶ ስይዝ «እርስዎ» እላታለሁ። «ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ሰላምታዬ እንደ ሰማይ ከዋክብት፣ እንደ ባሕር አሸዋ ይድረስዎ።» ባለፈው ቅዳሜ ሽሮ አብልታ የሸኘችኝን ሴት እኮ ነው። ባሕርም አይተን አናውቅም፤ ያለን ሐይቅ ነው። ቢሆንም ወግ ነው፣ ይጻፋል። ስጽፈው ደግሞ እውነት እውነት ይለኛል።

ቀጥሎ የሰላምታው ዝርዝር ይመጣል። ወሎ ላይ ይህ በቀልድ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አንዱ አጎቴ ሐጂ ናቸው። አክስቴ የማርያም ማኅበር ትጠጣለች። አባት መሐመድ፣ ልጅ ግርማ የሆነበት ቤት ሞልቷል። ስለዚህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ካልኩ ሁለት መስመር ሳልርቅ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ከዚያ ጎረቤት በየተራ፣ በየማዕረጉ። ስሙ የቀረ ሰው ይቀየማል። ታላቅ ወንድሜ በአንድ ደብዳቤው የማዶዋን ሴትዮ ዘሏት ነበር። ሴትዮዋ ቡና ስትጠራ «እኔ እዚህ ቤት አልታወቅም» ብላ ቀረች። እርቅ የወረደው በሚቀጥለው ደብዳቤ ለብቻዋ አንድ አንቀጽ ሲመደብላት ነው።

ዋናው ጉዳይስ? እሱ አንድ መስመር ነው። «ሌላው ነገር፣ ጋቢው ደርሶኛል።»

መቼም መጻፍ ለአገራችን ብርቅ አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት የሰጡት፣ ብራና ላይ በእጅ የተጻፈ ወንጌል ነበረው። የወሎ ሸኾች ደግሞ የአማርኛ መንዙማቸውን በዓረብ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ ዓጀም ይባላል። ይህን ሁሉ ጽሑፍ የወረሰ የወሎ ልጅ ዛሬ ለእናቱ «ሃይ ማሚ» ብሎ ይልክና ከጎኑ ቢጫ ፊት ይለጥፍላታል። ማሚ ደግሞ ቢጫው ፊት ምን ሆኖ እንደሚያለቅስ ጎረቤት ትጠይቃለች።

ፖስታ ቤትም ቢሆን ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ከ1886 ጀምሮ፣ ከምኒልክ ዘመን አንስቶ አለ። ችግሩ ደብዳቤ የሚገባው በሣጥን ቁጥር ነው። እማዬ ሣጥን አላት። ግን የልብስ ነው፤ ቁልፉንም አንገቷ ላይ አስራዋለች። ስለዚህ የእኔ ፖስተኛ የሚኒባስ ረዳት ነው።

እሱ ጋ እስክደርስ ግን ምርመራው ብዙ ነው። ሱቅ ገብቼ ፖስታ ስጠይቅ ልጁ «ለሠርግ ነው ለለቅሶ?» ይለኛል። ለደብዳቤ ነው ስለው «እ፣ ማመልከቻ» ይላል። ረዳቱ ደግሞ ፖስታውን በሁለት ጣት አንስቶ «የፍርድ ቤት ነገር ከሆነ አልነካም» አለኝ። ለእናቴ ነው አልኩት። ፊቱ ጥቁር አለ። «ምነው፣ ታማለች?» በዚህ ዘመን በወረቀት የሚጽፍልህ ከሳሽህ ወይ ቀበሌ ብቻ ነው።

ደብዳቤው ሲደርስ መጀመሪያ የምትቀበለው አክስቴ ናት። ታራግፈዋለች። ድሮ ከሰላምታው መሀል ብር ይወድቅ ነበራ! አሁን ብሩ በቴሌብር ይሄዳል፤ ፖስታው ውስጥ የቀረው ፍቅር ብቻ ነው። አክስቴ ለዚህ ለውጥ ያላት አስተያየት እዚህ አይጻፍም።

ንባቡ ቡና ላይ ነው። በአቦል ፖስታው ይቀደዳል፤ በቶና ሰላምታው ይነበባል፤ በበረካ ምርቃቱ ይወርዳል። እማዬ ራሷ አታነብም። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ተመዝግባ ነበር፤ ገና ሀሁን ሳትዘልቅ እኔ ተወለድኩ። ለመሃይምነቷ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት ትነግረኛለች። አንባቢው ስድስተኛ ክፍል የሆነው የእህቴ ልጅ ነው። ኳስ የቀጠረ ቀን መስመር ይዘላል። እማዬ ግን ፊደል ባትለይም ወረቀት ታውቃለች። «ገልብጠው እስቲ፣ ከጀርባውም አለ» ትለዋለች። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ ባለስሙ ቀና ይላል፤ «አሚን፣ እሱንም ሰላም ያርገው» ይላል። ስልክ ደውዬ ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ደስ ማሰኘት አልችልም።

መልሱን የሚጽፈውም ያው ልጅ ነው። እማዬ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። የሰማውን ሁሉ ይጽፋል። ያስተካክለዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። የመጨረሻው ይኸውና፦

«ይድረስ ለልጄ ብለህ ጻፍ። ደህና ነህ ወይ በለው። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴን ያመኛል፣ እሱን አትጻፍ። አክስትህ ሰላም ብላሃለች። ኧረ አላልኩም ትላለች፤ ብላለች በለው። ሂጂ አንቺ ድመት! ኧረ ወተቱ ገነፈለ! የት ደረስን? ሐጂም ሰላም ብለውሃል፣ እሳቸው እውነት ብለዋል።»

ጉልበቷን እንደሚያማት በስልክ ነግራኝ አታውቅም። ስሄድም ከበር ስትቀበለኝ እየተወዛወዘች ነው የምትራመደው፤ «ጫማው ነው» ትላለች። አሁን ቅባት ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ማን እንደነገረኝ ከጠየቀችኝ የልጁን ስም አልጠራም፤ ጸሐፊ ካባረረች ሌላ የሚጽፍላት የለም።

ከገጹ ግርጌ፣ መስመሩ ካለቀ በኋላ ወደ ጎን ተጣሞ እንዲህ ተጨምሯል፦ «ሌላው ነገር፣ ቅዳሜ ስትመጣ ጃንጥላ ይዘህልኝ ና። ደብዳቤውን ግን ሐሙስ አድርሰው፤ ሰው ቡና ጠርቻለሁ።»